ሐዘን የሌለበት እሁድ

ኦቦ ዋቅጋሪ በጅማ የጊንጆ ሰፈርን እድር በሊቀመንበርነት መምራት ከጀመሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተመረጡት ለሁለት ዓመት ነበር።

ይህን የሰማ እንግዳ ሰው ወዲያው ክፉ ክፉውን ያስባል። ጉልበተኛ ናቸው፣ ዘመድ አዝማድ አሰልፈዋል፣ ማኅተሙን ቆልፈውበታል ይላል። ማኅተሙ እርግጥ ቤታቸው ነው፤ ግን ቁልፍ የለበትም፤ ብፌው ላይ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ስለሚቀመጥ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሁሉ ያየዋል። ሥልጣን የሚወዱ ሰውም አይደሉም። ይህን የምናውቀው ራሳቸው ስለነገሩን ነው፤ የነገሩንም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ወንበሩ ላይ ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው። ያቆያቸው የሰው ሞት ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሊቀመንበር አቶ ተክለጻድቅ እንደተቀመጡ አረጁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሐዘንተኛውን ቤት እየረሱ ድንኳኑን ሌላ ሰው ደጅ ያስተክሉ ጀመር። አንድ ጤነኛ ሰው በማለዳ በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ለቀስተኛ ተኮልኩሎ ያገኘበት ቀን እስከ ዛሬ ይወራል። ያም ሆኖ ማንም ደፍሮ ውረዱ ያላቸው የለም፤ የምርጫ ቀን የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ውረዱ ማለት ስድብ ይሆን ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ አዲስ ደንብ ለመጻፍ ተቀመጠ። ያኔ ገና ሥራ ላይ የነበሩት ኦቦ ዋቅጋሪ ተነሥተው፣ "ሊቀመንበር በየሁለት ዓመቱ ይመረጥ። የደከመው ያርፋል፣ ያልደከመው ይቀጥላል" አሉ። ሁሉም ተስማማ። ያመጡት ሐሳብ ስላማረ ባለሐሳቡን ሊቀመንበር አደረጓቸው።

እዚያ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ኦቦ ዋቅጋሪ ግን ሆደ ቡቡ ናቸው። "አንድ ነገር ይጨመርበት" አሉ። "ጎረቤታችን ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እኛ እጅ ልናወጣ፣ ልናጨበጭብ ነው? ነውር ነው። አርባው ያልወጣ ሐዘን ካለ ምርጫ አይደረግ።" ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። የሄርማታ ገበያው የቡና አቅራቢ ሐጂ ጀማለዲን፣ "በእኛ እንኳ ሐዘን ሦስት ቀን ነው" ብለው ጀምረው ነበር፤ ከዚያ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን አዩና፣ "ይሁን፣ ለመከባበር ነው" ብለው ተቀመጡ። ደንቡም ምርጫ በየሁለት ዓመቱ ሐዘን በሌለበት እሁድ ይደረጋል ተብሎ ተጻፈ። ያን ያህል ሰው ሲያጨበጭብ ሒሳቡን የሠራ አንድም አልነበረም።

እድሩ አራት መቶ ገደማ አባወራ አለው። አባወራው ሁሉ እናት አባት፣ አማት፣ ወንድም እህት አለው፤ አጋሮ ዘመድ አለው፣ ሊሙ አለው፣ ጌራ አለው፣ ሰቃ አለው። መርዶም እንደ ሐዘን ይቆጠራል። የመጀመሪያው ምርጫ ሳምንት ሲቀረው የአንዱ አማት አረፉ። የእሳቸው አርባ ሊወጣ ሲል የሌላው ወንድም አለፈ። የእሱ ሳይወጣ ከአጋሮ መርዶ ተላከ። እንዲህ አንዱ ሟች ሌላውን እየተካ ዓመታት ሄዱ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦቦ ዋቅጋሪ በነገሩ ከልባቸው ይጨነቁ ነበር። እየቆየ ግን ሌላ ነገር መጣ። የእድሩ ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ መጀመሪያ ያዝናሉ፤ ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ ከሆዳቸው አንዲት ነገር ቀለል ትላለች። ምን እንደሆነች ጠይቀዋት አያውቁም። ጃንጥላቸውን አንሥተው ይወጣሉ።

ምሳ ላይ ሬዲዮ ይሰማሉ። የሆነ የሩቅ አገር መሪ፣ አገሪቱ እስክትረጋጋ ድረስ ምርጫውን አራዝሜያለሁ ሲል ይናደዳሉ። "አይ ሰውዬው" ይላሉ እንጀራውን እየጠቀለሉ፣ "እንዲህ ከሆነማ መቼም አትረጋጋለትም።" ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርሃኔ ቀና ብለው ያይዋቸዋል፤ ወጥ ይጨምሩላቸዋል።

በሥራቸው አይታሙም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚገኘው እሳቸው ናቸው። ድንኳኑ እስኪወጠር፣ አግዳሚው እስኪደረደር ቆመው ያሠራሉ፤ ከዚያ መግቢያው ላይ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ይቀበላሉ። ከሁሉ የሚኮሩት በድንኳኑ ሸራ ነው። ወፍራም አረንጓዴ ሸራ ነው፤ በተመረጡ በዓመታቸው ራሳቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ በእጃቸው ጨብጠው፣ አሽትተው መርጠው ያመጡት። "ያ ሸራ የልጅ ልጆቻችንን ይቀብራል" ይላሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ሰው ይገባዋል።

ጡረታ እስኪወጡ ሥራቸው ቡና መቅመስ ነበር። ከየገጠሩ የሚመጣው ቡና ናሙናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሲኒ ተደርድሮ ይቀርብላቸዋል። እሳቸው በማንኪያ እየጨለፉ ጎረቤት ክፍል እስኪሰማ ድረስ ፉት ይላሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያመላልሱታል፣ ይተፉታል፣ ደረጃውን ይናገራሉ። ሲኒው ላይ የባለቤቱ ስም የለም። አንድ ዓመት፣ ስማቸው ከሄርማታ እስከ ሊሙ የታወቀው ሐጂ ጀማለዲን ቡናቸው ወደቀባቸው። መሬት ላይ ተሰጥቶ ስለነበር አፈር አፈር ይል ነበር። ሐጂ በንዴት መጡ።

"ዋቅጋሪ፣ እኔን አታውቀኝም? የአምናው ቡናዬ አንደኛ አልወጣም?"

"ወጥቷል። የአምናው ግን ተጠጥቶ አልቋል። የምቀምሰው የዘንድሮውን ነው። እኔ ቡና እንጂ ስም አልቀምስም።"

ሐጂ ከርመው ከርመው ነው ያናገሯቸው። በዓመቱ ቡናቸውን ከመሬት አንሥተው በቆጥ ላይ አደረቁት፤ አንደኛ ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። ሐጂ ግን ያቺን ንግግር አልረሷትም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ወርኃዊው የእድር ስብሰባ በተለመደው የቆርቆሮ አዳራሽ ተደረገ። ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተድራ የመጣች ሩፈይዳ የምትባል የሒሳብ አስተማሪ አዲስ አባል ሆና ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ሊያልቅ ሲል እጇን አወጣች።

"ይቅርታ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ አዲስ ስለሆንኩ ነው። ቀጣዩ ምርጫ መቼ ነው?"

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር።

"ሐዘን የሌለበት እሁድ ሲገኝ ነው ልጄ" አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ በለስላሳ ድምፅ።

"እሺ። እንደሱ ያለ እሁድ በፊት መቼ ነበር?"

አንድ ሰው ሳል ያዘው። ኦቦ ዋቅጋሪ ፈገግ አሉ። "እኔ ነገ ውረድ ብትሉኝ ነገ እወርዳለሁ። ግን ደንብ ነው። ጎረቤት እያለቀሰ እንምረጥ ነው የምትይው?"

"ማሎ፣ እባክዎ፣ እንደሱስ አልወጣኝም" አለች ሩፈይዳ። "ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነው የምለው። ለምሳሌ የቡና ለቀማ ሳይጀመር፣ የጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ። ሰው ከሞተ እንቀብራለን፣ እናስተዛዝናለን። ቀኑም እንደ ቀኑ ይዋል።"

"ጥሩ፣ ለድምፅ ላቅርበው" አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ። "የሚደግፍ እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም። ማን ያወጣል? ነገ እናቱ ብትሞት ጃንጥላ ይዘው ደጁ የሚቆሙለት እኚሁ ሰው ናቸው። ሩፈይዳ እንኳ እጇን ግማሽ መንገድ አድርሳ መለሰችው። ኦቦ ዋቅጋሪ ዝምታው በደንብ እንዲሰማ ትንሽ ቆዩና "እንግዲህ…" ሲሉ ሐጂ ጀማለዲን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ዋቅጋሪ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀማሽ በነበርክ ጊዜ በአምናው ሲኒ የዘንድሮን ቡና አሳልፈህ ታውቃለህ?"

"በፍጹም" አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ ቀና ብለው። ይህ ጥያቄ ክብራቸው ነው። "የንጉሥም ቡና ቢሆን አላሳልፍም።"

"ኤዬ፣ አዎ፣ እኔ ምስክር ነኝ። አንተን ግን የቀመስንህ መቼ ነው?"

በመጀመሪያ ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም።

"ወላሂ ምናልባት ዛሬም አንደኛ ነህ። ምናልባት አፈር አፈር ብለሃል። እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ቡና እንጂ ስም አልቀምስም ያልከኝ አንተ ነህ።"

ኦቦ ዋቅጋሪ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ነገር ውሸት ነው ሊሉ አይችሉም። ደግሞም፣ ሐቁን ለመናገር፣ ቢመረጥ የሚያሸንፉት እሳቸው እንደሆኑ አልተጠራጠሩም። ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካወጡ በኋላ እጅ ያላወጣ አልነበረም።

ድምፅ አሰጣጡም እዚያው ተወሰነ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የተፈለፈለ ቡናና አንድ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ይሰጠዋል፤ የተፈለፈለው ለኦቦ ዋቅጋሪ፣ ጀንፈሉ ለሚወዳደራቸው ነው፤ የሚፈልገውን በጭብጡ ይዞ የተሸፈነ እንስራ ውስጥ ይጨምራል፣ ሌላውን ኪሱ ይከታል። ኦቦ ዋቅጋሪ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ስም ያልተጻፈበት ሲኒ ትዝ አላቸው።

ከዚያ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ያሳለፉት ወንበሩን እንደማይፈልጉ በማስረዳት ነው።

"እኔ እኮ ማረፍ ነው የምፈልገው" አሉ አንድ ቀን ለባለቤታቸው።

ወይዘሮ ብርሃኔ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። "ታዲያ አግዳሚዎቹን ለምን ቀለም ታስቀባቸዋለህ?"

"የእድሩ ንብረት ነዋ።"

"አሥራ ስምንት ዓመት የማን ንብረት ነበሩ?"

ኦቦ ዋቅጋሪ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። በየቤቱ እየዞሩ ቅሬታ ያለው ካለ ይጠይቁ ነበር። ቅሬታ ያለው አልተገኘም። "ኧረ ምን ጎድሎ፣ እድሜ ይስጥዎ" ይላል ሁሉም። "ሸራውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ" ሲሉ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና፣ "ሸራውንማ እናውቀዋለን ኦቦ" ይላሉ። ይህም እንደ ምስጋና ተቆጠረ።

ተወዳዳሪ ሆኖ የቀረበው ልዑልቃል የብረት በር የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ኦቦ ዋቅጋሪ ወደ ሥራ ቦታው ሲሄዱ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ተነሣላቸው።

"እኔም ልወዳደር ነው፤ ቅር እንዳይልዎት ኦቦ።"

"ለምን ቅር ይለኛል? ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ብትመረጥ ምን ልታሻሽል አስበሃል?"

ልዑልቃል ሊናገር ብሎ አፉን ከፈተ። ጃንጥላቸውን አየ። ሽበታቸውን አየ። እናቱ በሞተች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ደጁ ላይ ቆመው እንደዋሉ ትዝ አለው። "ያው… አንዳንድ ነገር" አለና ወደ ብረቱ ተመለሰ።

አንዳንድ ነገር፤ የሚሠራውን እንኳ የማያውቅ ተወዳዳሪ። ኦቦ ዋቅጋሪ እስከ ቤታቸው በልባቸው እየሳቁ ሄዱ።

ግቢያቸው ውስጥ፣ በጓሮው ክፍል፣ ታላቅ ወንድማቸው ፈይሳ ይኖራሉ። ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወንድማቸው ዘንድ የተጠጉ ሰው ናቸው። ሲታመሙ ከርመዋል፤ ምላሳቸው ግን አልታመመም። ኦቦ ዋቅጋሪ ማታ ማታ ገብተው ትራሳቸውን ያስተካክሉላቸዋል።

"ምርጫህ ደረሰ አይደል?" አሉ ፈይሳ አንድ ምሽት።

"ደረሰ።"

"አይዞህ። አንተ እድለኛ ነህ፤ ቀኑ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሞትልሃል።"

ኦቦ ዋቅጋሪ ተቆጡ። ትራሱን ሳያስተካክሉ ወጡ። ከዚህ የከፋ ቃል ከማንም ሰምተው አያውቁም፤ በማግስቱም ገብተው ብዙ አላወሩም። ፈይሳ የሞቱት በዚያው ሳምንት፣ አርብ ጎህ ሲቀድ፣ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ጥሩምባው ተነፋ። ቅዳሜ ቀበሩ። እሁድ ከማለዳው ጀምሮ የጅማ ዝናብ፣ ወቅቱ አልፎበት እንኳ፣ እንዳመሉ ይወርድ ነበር። ኦቦ ዋቅጋሪ በሊቀመንበርነት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ በሐዘንተኛ ቦታ፣ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸውን ያስቡ ነበር። ልጅ ሆነው ፈይሳ በጭነት መኪና አናት ላይ አስቀምጠው አጋሮ የወሰዷቸውን ቀን ያስቡ ነበር። ያላስተካከሉት ትራስ ከዓይናቸው አልጠፋም። ያኔ ነው አንገታቸው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ ያለው።

ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ጉልበታቸው ላይ ጠብ አለ። ወደ ሌላው ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ማጅራታቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ አለ። ቀና ሲሉ ያ የሚኮሩበት ሸራ በስፌቱ በኩል ተተርትሮ፣ አንድ ሰው ከዘመናት በፊት በሲባጎ የጠቀመውም ተከፍቶ ሰማይ ይታያል።

አጠገባቸው ጎረቤታቸው ባህሪያ ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴት ናቸው። ሴትየዋ ከጉያቸው አንድ የላስቲክ ከረጢት አውጥተው ዘረጉላቸው።

"ትከሻዎ ላይ ጣል ያድርጉት ኦቦ። እዚህ ቦታ ሁሌም ያፈሳል።"

"ሁሌም?"

"የኔ ሰውዬ የሞቱ ጊዜ ሦስቱንም ቀን በርጥብ ልብስ ነው የተቀመጥኩት። የልዑልቃል እናት ጊዜማ ፍራሹ ተጨምቆ ነው የተሰጣው። ለቅሶ ስንመጣ ላስቲክ የምንይዘው ለዚሁ ነው።"

ኦቦ ዋቅጋሪ ዙሪያቸውን አዩ። እውነትም ሐዘንተኛ አጠገብ የተቀመጠው ሁሉ ራሱ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጓል። ከበር ቆመው፣ ከጃንጥላ ሥር ሆነው፣ ለብርድ የሚመስላቸው የነበረ ነገር ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?" ድምፃቸው ትንሽ ከፍ አለ።

"መቼ?" አሉ ባህሪያ።

ኦቦ ዋቅጋሪ መልስ ጠበቁ። መልሱ ያ ነበር። ባህሪያ ቀስ ብለው ጨመሩበት፦ "ባሌ ሞቶ እያለቀስኩ ስለ ሸራ ላውራ? ሐዘኑ ሲያልፍ ደግሞ ዝናቡም ያልፋል። በወሩ ስብሰባ ተነሥቼ ብናገርስ፣ ባሏን የቀበሩላትን ሰውዬ ሰደበች ነው የምባለው። ምርጫው ቀን ኖሮት ቢሆን ዝም ብዬ እንስራው ውስጥ ጨምሬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር።"

ይህን ሲሉ ሐጂ ጀማለዲንና ልዑልቃል ጎንበስ ብለው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ሐጂ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጡ።

"ሕዝቡ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቧል" አሉ። "ግን ከብዶናል ዋቅጋሪ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ እኛ ሌላ ሰው ልናስቀምጥ? ሩፈይዳ ራሷ እንጃ ብላለች። አንድ ቃል በለንና እንበትነው። የፈይሳ አርባ ይውጣ።"

"እኔም አልቸኩልም ኦቦ" አለ ልዑልቃል። ከልቡ ነበር።

አርባ ቀን። ከአርባ ቀን በኋላ ለቀማው ይደርሳል። በለቀማ መሐል የአንዱ አማት ታርፋለች። ከጌራ መርዶ ይመጣል። የሚጠይቅ የለም፤ እንዲያውም ሁሉም ያመሰግናቸዋል። ያኔ ኦቦ ዋቅጋሪ ከሆዳቸው ያቺ ነገር ቀለል ስትል ተሰማቸው፤ ከየጥሩምባው በኋላ የምትመጣው ያቺው ነገር። ዛሬ የሞተው ፈይሳ ነው። ዛሬም ቀለል አለች።

አለቀሱ። ከአርብ ጀምሮ እንዲህ አላለቀሱም ነበር። ለቀስተኛው ለወንድማቸው መስሎት አብሮ አለቀሰ፤ ለወንድማቸውም ነበር። በጣም አፈሩ።

"ሂዱና ምረጡ" አሉ ፊታቸውን በኩታቸው ጠርገው።

"ዋቅጋሪ…"

"ሂዱ አልኩ። ፈይሳ ለማንም አልሞተም።"

ከዚህ ንግግር ምን እንደገባቸው አላውቅም፤ ብቻ ሁለቱም ተነሡ። ሰው ግን ሰው ነው። ሁለቱ ከበር ሳይወጡ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ወንድሙ የሞተበትን ሰው ደግሞ ማን ጨክኖ ይጥላል ብለው አሰቡ። አስበውም ትንሽ ተጽናኑ። ወይዘሮ ብርሃኔ ከሴቶቹ በኩል አዩዋቸው፤ ያሰቡትን ቃል በቃል እንዳነበቡት ፊታቸው ላይ ይታወቅ ነበር።

እንስራው ወደ ሐዘንተኛው ቤትም መጣ። ሩፈይዳ ተሸክማው ገብታ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ አዙራ ፊታቸው አቆመችው። አንድ ቡናና አንድ ጀንፈል ሰጠቻቸው። ኦቦ ዋቅጋሪ በጭብጣቸው አንዷን ይዘው እጃቸውን ሰደዱ። ማጅራታቸው ላይ ጠብ አለ። ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ጨመሩ። የትኛዋን እንደጨመሩ እስከ ዛሬ ለብርሃኔም አልነገሩም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ከአዳራሹ ወደ ድንኳኑ ይጎርፍ ጀመር። ያሸነፈው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው አልተገኘም። ሐጂ ጀማለዲን ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡና ስለ ፈይሳ የድሮ መኪና ማውራት ጀመሩ። ሩፈይዳ ሻይ ታዞር ነበር። ሌላውም ሁሉ እግዜር ያጽናዎት እያለ መሬት መሬት ያያል። ኦቦ ዋቅጋሪ ፊቶቹን አንድ በአንድ መረመሩ፤ እንደ ሲኒ ሊቀምሷቸው ሞከሩ፤ ምንም አልገባቸውም።

ከዚያ ልዑልቃል ገባ። እንደ ሌላው ቁጭ አላለም። አዲስ ቀለም ከተቀቡት አግዳሚዎች አንዱን ጎትቶ ከምሰሶው ሥር አቆመው፤ ጫማውን አውልቆ ወጣበት፤ እጁን ወደ ሸራው ሰድዶ ተተርትሮ የተከፈተውን ስፌት በጣቱ ለካው። ወርዶ መሣሪያውን ሊያመጣ ሄደ።

ኦቦ ዋቅጋሪ ያኔ አወቁ።

እንደ ሰው አዘኑ፤ ትንሽም ተናደዱ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ደጅ የቆሙላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ቀጥሎ ከሆዳቸው ያቺን ነገር ፈለጓት። አልነበረችም። በቦታዋ ድካም ብቻ ነበር፤ የሚያስተኛ ዓይነት ድካም።

ልዑልቃል መርፌ፣ ሲባጎና አንድ ቁራጭ ሸራ ይዞ ተመለሰና መጥቀም ጀመረ። ኦቦ ዋቅጋሪ ከሥር አንጋጠው ሲያዩት ቆዩ። የድሮ ሥራቸው ተመለሰባቸው፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመሩት።

"ያኛው ጥግም ላልቷል" አሉ በመጨረሻ።

"አይቼዋለሁ ኦቦ። እደርስበታለሁ።"

"ቀጣዩ ምርጫ መቼ ነው?" አሉ ወደ ሐጂ ጀማለዲን ዞረው፣ እንደዋዛ።

ሐጂ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ፈገግታቸውን ደበቁ። "በሁለት ዓመቱ፣ የጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ ኢንሻአላህ። ሐዘን ኖረም አልኖረም።"

"ሐዘን ኖረም አልኖረም" አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ልክ ራሳቸው እንዳወጡት ሕግ አድርገው። ከዚያ ቀና ብለው አግዳሚው ላይ የቆመውን ሰው አዩት። ጠብታው ቆሞ ነበር።

"አጥብቀው ልዑልቃል" አሉት። "ሁለት ክረምት ነው ያለህ።"